ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጠዋት ታክሲ ውስጥ የትራፊክ አደጋ ዜና እንሰማለን። ይህን ያህል ሞት፣ ይህን ያህል ብር የሚገመት ንብረት። የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሆነ ግን አይነገርም።

በቅርቡ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ ተገጨ። ትራፊኩ መጣ፣ በሜትር ለካ፣ ፕላን አነሳ። ቦታውን ሲጽፍ አጮልቄ አየሁት፤ «ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ» ይላል። ዳቦ ቤቱ እኮ ከተዘጋ ቆየ! ትራፊኩ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ቦታውን በትክክል የሚያሳይ ጂፒኤስ አለው።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በአደጋው ምክንያት በ30 ቀን ውስጥ የሞተን ሁሉ የመንገድ አደጋ ሟች ብሎ ይቆጥራል። ሆስፒታል ገብቶ በሳምንቱ የሚያርፈውን ሰውስ እኛ ጋ ማን ለፖሊስ ይነግራል? አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚሞተው እግረኛ ነው። ዜብራው የት እንደሚቀባ የሚወስነው ሰው ይህን የፖሊስ የአደጋ መዝገብ ያየዋል?

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ