የአካባቢ ታሪክ ክበብ፦ ገመድ የበላው ብረት

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ክበብ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ርዕስ ነው፦ ለንደን ውስጥ የሚያልፈው የሬጀንትስ ቦይ፣ ጀልባ እንዲሄድበት የተቆፈረ ውሃ። በመስከረሙ ስብሰባ አንዳንድ ወላጆች «ቅዳሜ ቅዳሜ የምናመጣቸው አማርኛ እንዲማሩ ነው፤ የእንግሊዝ ቦይ ምን ይሠራላቸዋል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሴም አልተለወጠም። ልጆቻችን የለንደን ልጆች ናቸው። በየቀኑ በአውቶቡስ የሚሻገሩትን ውሃ በአማርኛ ማውራት ካልቻሉ፣ አማርኛ የበዓልና የማዕድ ቋንቋ ብቻ ሆኖ ይቀርባቸዋል።

እስከ የካቲት ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ተገናኝተን ካርታ ሣልን፣ ቃላት ሰበሰብን። ብዙ ያከራከረን «ሎክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መተርጎም ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ተጠናቆ የተከፈተው ይህ ቦይ ከፓዲንግተን በኩል ተነሥቶ ቴምዝ ዳር ላይምሃውስ እስኪደርስ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ እስከዚያም 26 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጀልባ ቁልቁለት አይችልምና በ12 ቦታ ውሃው በበሮች ይታገዳል። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ሲለቀቅ ጀልባውም አብሮ ዝቅ ይላል። በሩን የሚገፋው ሰው፣ ጀልባውን የሚያወርደው ውሃው ራሱ ነው። «ቁልፍ» እንበለው ያሉ ነበሩ፤ «ግድብ» ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ «የውሃ ደረጃ» አለች። ጸደቀ።

የኢዝሊንግተንን ዋሻ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሞከርነው። 878 ሜትር ርዝመት አለው። ያኔ ጀልባውን ከዳር ሆኖ በገመድ የሚጎትተው ፈረስ ነበር፤ ዋሻው ግን ለፈረስ መሄጃ የለውም። ስለዚህ ፈረሱ ተፈትቶ በኮረብታው ላይ ሲዞር፣ ጀልባ ነጂዎቹ በጀርባቸው ተንጋለው ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ያልፉ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1826 በእንፋሎት የሚሠራ ጎታች ጀልባ እስኪገባ ድረስ ቆይቷል። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተኝተው ግድግዳውን ሲገፉ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆዩም።

በጥር ልንወጣ ያሰብነው ጉዞ በዝናብ ቀረ። በግንቦት ግን 14 ልጆችና አምስት ትልልቅ ሰዎች ፓዲንግተን አጠገብ ካለው ሊትል ቬኒስ እስከ ካምደን በቦዩ ዳር በእግራችን ሄድን። ከመካከላቸው የአንድ ተማሪያችን አያት ነበሩ። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

ማክልስፊልድ ድልድይ ስር ቆምን። እ.ኤ.አ. በ1874 ባሩድ የጫነ ጀልባ እዚህ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ድልድዩም ፈርሷል። ሲሠራ የቀድሞዎቹ የብረት ምሰሶዎች ፊታቸው ዞሮ እንደገና ተተከሉ። ምሰሶው ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ቦይ ያለ ጭረት አለ፤ ፈረሶቹ የሚጎትቱት እርጥብ ገመድ ብረቱን እየፋቀ ያወጣው ነው። ከፍንዳታው በፊት አንዱን ወገን በላው፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን። አያትየው እጃቸውን በጭረቱ ላይ እያሳለፉ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ይኼ ሁሉ የፈረስ ልፋት ነው» አሉ።

ካምደን ሳንደርስ ከውሃው የሚወጣ ተዳፋት አሳየኋቸው። ድሮ ባቡር ሲያልፍ የደነበረ ፈረስ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ በዚያ እየተራመደ ይወጣ ነበር። አያትየው «አስበውለታል» አሉ፤ በጣም ደስ አላቸው። ካምደን ስንደርስ የውሃ ደረጃው አጠገብ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ነበሩ። አያትየው ወደ ልጁ ዞረው «ጠይቅልኝ እስቲ፤ በዋሻው ጊዜ ፈረሱን በኮረብታው ላይ የሚነዳው ማን ነበር?» አሉት። ጠየቀላቸው። መልሱንም በአማርኛ ነገራቸው፦ «ብዙ ጊዜ የጀልባዎቹ ልጆች ነበሩ፣ እማማ።» ትንሽ አሰበና «እንደኔ ያሉ» ብሎ ከራሱ ጨመረ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል በሁለቱ መካከል ቆሞ አስተረጎመ። ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ልጅ የሰማሁት አማርኛ ቢደመር ይህን አያክልም።

ያልተሳካውንም ልናገር። ኪንግስ ክሮስ አጠገብ ያለውን የቦይ ሙዚየም አላየንም፤ ድሮ ከኖርዌይ በመርከብ የመጣ በረዶ ይከማችበት የነበረ ቤት ነው። ዋሻውን በጀልባ ማለፍም አልቻልንም። ሁለቱንም ያስቀረው ገንዘብ ነው። ክበቡ በዓመቱ ከትምህርት ቤቱ ያገኘው ወረቀትና ማርከር ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ሁለት መምህራን ከኪሳችን ሸፍነናል። ለዓመት መዝጊያው ድግስ በአንድ ሳምንት የተዋጣው ገንዘብ ግማሹ ቢገኝ ሁሉንም ልጆች በጀልባ እናሳልፋቸው ነበር። ድግሱን አልቃወምም፤ ለዚህም እንዲሁ እጃችንን እንድንዘረጋ ግን እለምናለሁ።

ለመጪው ዓመት የዋሻ ጉዞ መመዝገቢያው ወረቀት ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። እስካሁን 21 ሰው ስሙን ጽፏል፤ መጀመሪያ የተጻፈው የአያትየው ስም ነው፣ በልጅ ልጃቸው የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ።