ማሊያ አትላኩልን፣ አፈር ላኩልን፦ ለአዘዞ ሜዳችን የድጋፍ ጥሪ

ለአዘዞ ልጆች ሁሉ፣ አገር ቤት ላላችሁም ባሕር ለተሻገራችሁም፤ ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ክረምት ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስቀል ማግስት ሜዳችን ላይ አንድ ቀን ኳስ አልተንከባለለም። እንቁራሪት ግን ሌሊት ሌሊት ሲንጫጫበት ከረመ። ውኃው ሲጎድል የታየው ደግሞ ከጎርፉ የባሰ ነው። በመንገድ ዳሩ ጎል ፊት ለፊት የቦረቦረው ጉድጓድ የአሥር ዓመት ልጅ ቢገባበት እስከ ወገቡ ይውጠዋል። ልጆቹ ምን አደረጉ? ቋሚውን ነቅለው ሃያ እርምጃ ወደ መሐል አስጠጉትና ጨዋታቸውን ቀጠሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሜዳው በየክረምቱ እያጠረ ነው።

እኔ በልጅነቴ በዚያ ጎል በረኛ ነበርኩ። ስለዚህ አላዳላም ብዬ አልምልም።

ጎንደር ፒያሳ ያሉ ጓደኞቻችን «ዳር አገር» ሲሉን የምንመልሰው አለን፦ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት እዚሁ አዘዞ ነው፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ ወዲህ፣ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሜዳው ግን ከቤተ መንግሥት ወገን አይደለም፤ የከብት መዋያ ነበር። በጣሊያን ጊዜ አዘዞ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለነበረባት፣ ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ድረስ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉባት ቆይተዋል። ሽማግሌዎቻችን ስለ ሜዳው ሲያወጉ ግን የሚጀምሩት ከጦርነቱ ሳይሆን ከ1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ እነሱ እረኞች ነበሩ። የሰፈሩ ከብት እህል መግባት የጀመረው ያኔ ነው ይላሉ፤ ጠባቂው ሁሉ የጨርቅ ኳስ ሲያሳድድ ይውላልና። ከጦር ሰፈሩ ወታደሮች ጋርም ይጋጠሙ ነበር፤ ወታደሩ በጫማ፣ እነሱ በባዶ እግር። ውጤቱን ስትጠይቋቸው ወሬ ይለውጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ ጎሎች ቋሚያቸው ባሕር ዛፍ፣ አግዳሚያቸው ገመድ ነበር። ኳሱ ከገመዱ በላይ ይለፍ በታች የሚወስነው አብዝቶ የጮኸ ነው። ኖራ ሳይመጣ በፊት መስመሩ በአመድ ነበር የሚሠመረው። እናቶቻችን የምድጃውን አመድ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቅሙልናል፤ ነፋስ ከተነሳ ግን እስከ ዕረፍት አይቆይም። የብረቱን ጎል የሠራልን የሰፈራችን በያጅ ነው፤ አሮጌ የውኃ ቱቦ ቆራርጦ። ወርዱን እንደ ደንቡ 7 ሜትር ከ32 አደረሰው፤ ለቁመቱ ቱቦው አልበቃም፤ ከ2 ሜትር ከ44 ዝቅ አለ። እኔ ጎበዝ በረኛ የተባልኩት በዚያች በጎደለችው ስንዝር ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ አውሮፕላን ከዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲነሳ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። ብልጥ አጥቂ የሚያገባው ያን ጊዜ ነው። በእኔ ላይ ሁለት ጊዜ ገብቷል።

በገና ዕለት ሽማግሌዎቹ ዱላና እሩራቸውን ይዘው ሜዳውን ይረከቡናል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው የልጅ ልጃቸውን ቅልጥም ሲመቱ ማንም አይናገራቸውም። የሠርግ ድንኳን፣ የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። ሸንኮራ የሚሸጡ እናቶች በቅዳሜ ጨዋታ ልጅ አስተምረዋል።

የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የአዘዞ ልጅ ሁሉ ቀዩን ማሊያ ለበሰ። እነዚያው አፄዎቹ በ2014 መግቢያ የሱዳኑን አል ሂላል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ያስተናገዱት ግን ባሕር ዳር ሄደው ነው፤ 2 ለ 2 ወጡ። ሻምፒዮኑ ራሱ በደጁ መጫወት ካልቻለ የእኛን ሰፈር ሜዳ ማን መጥቶ ይሠራልናል?

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሜዳችን አፈር መረሬ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግንቦት ላይ ስንጥቁ የልጅ እግር ያስገባል፤ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ቤት ይቁጠረው። በዚህ ላይ ጎን ያለው መንገድ ሲሠራ የጎርፍ መውረጃው ወደ ሜዳው ተለቀቀ። አቤት ብለን ነበር፤ እሱን እዚህ አላነሳውም።

ካሁን ቀደም ወገኖቻችን በተጠየቁ ቁጥር የላኩልን ማሊያ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ሦስት ሙሉ ቡድን የሚያለብስ ማሊያ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚለበስበት ሜዳ ነው የጠፋው። ስለ ወንበርና ስለ አጥር የሚያነሱም አሉ። ውኃው መሄጃ ሳያገኝ አጥር ብንሠራ ኩሬ አጠርን ማለት ነው።

ያሰብነው ይህን ነው። መጀመሪያ ጎርፉን የሚቀበል ቦይ በሜዳው ዳር እንቆፍርና በድንጋይ እንገነባለን። ቀጥሎ ሜዳውን በቀይ አፈር እናለብሳለን፤ መሐሉ ላይ 35፣ ዳርና ዳሩ ላይ 5 ሳንቲሜትር፣ እንደ ምጣድ አክንባሎ ጎበጥ ብሎ ውኃውን ወደ ቦዩ እንዲያወርድ። ሜዳው 100 በ64 ሜትር ነው። አንድ ኃይለኛ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 192,000 ሊትር ውኃ ይተኛበታል፤ ዛሬ ያ ሁሉ መውጫ የለውም። የአፈሩ ውፍረት በአማካይ 20 ሳንቲሜትር ሲሆን 1,280 ሜትር ኩብ ይመጣል። ገልባጩ 16 ሜትር ኩብ ቢጭን 80 ቢያጆ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ 100 ብለን ይዘናል።

የነዳጅና የመኪና ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ መዋጮውን የምንቆጥረው በብር ሳይሆን በቢያጆ ነው። አቅም ያለው አንድ ቢያጆ፣ አብሮ አደጎች ተሰባስባችሁ አንድ ቢያጆ፤ ሩብም እንመዘግባለን። ገንዘቡን ለእድራችን ገንዘብ ያዥ አስረክባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ውጭ ያላችሁ በቤተሰባችሁ በኩል አድርሱ። የባንክ ሂሳቡ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። የገባውና የወጣው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ፊት ይነበባል፤ ስሜ አይጠራ ላለም አይጠራም።

እዚሁ ያላችሁ ደግሞ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ኑ። ጥምቀት እንዳለፈ በየቅዳሜው ጠዋት እንቆፍራለን፤ ሰኔ ሳይገባ መጨረስ አለብን፤ ከዘገየ አዲሱን አፈር ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ሮለር ያለው ወይም የሚያውስ ሰው የምታውቁ ከብር በላይ ጠቀማችሁን።

የመጀመሪያው ቢያጆ የሚራገፈው በመንገድ ዳሩ ጎል ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማዳላቴን ኮሚቴው ያውቃል፤ ድምፅ ተሰጥቶበት አልፏል።