ዜብራው ላይ የቆመው ሚኒባስ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ አያት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምኖር ሰው ነኝ። ሥራ የምሄደው በባቡር ነው፤ ባቡሩ ሲጠፋ በታክሲ። አንዲት አሮጌ መኪናም አለችኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ነው የምትውለው። መኪናዋን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም፤ ወደ በኋላ ስለምትመጣ ነው።

የጻፍኩላችሁ ባቡር ጣቢያው ጋ ስላለው ዜብራ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ከባቡር ወረድኩ። ባቡሩ እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ፣ ሲመጣ የሚያወርደው ሰው የሰርግ አጃቢ ያህላል። የምንራገፈው ደግሞ መንገዱ መሀል ላይ ነው። ወደ ግራም ሂድ ወደ ቀኝ፣ አስፋልቱን ሳትሻገር ቤትህ አትገባም።

ከፊቴ አንድ እናት እየሄዱ ነበር። በአንድ እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለዋል፤ ጎመኑ ከላይ ብቅ ብሏል። በሌላው እጃቸው ሮዝ ቦርሳ ያዘለች ልጅ ይዘዋል፤ የልጅ ልጃቸው ትመስለኛለች። ዜብራው ጋ ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ቆመልን። ሹፌሩ በእጁ “እለፉ” አላቸው። እሳቸውም “ተባረክ” ብለው ገቡ። ሚኒባሱን አልፈው ብቅ ሲሉ፣ አንድ አይሱዙ በሁለተኛው መስመር ደርቦ መጣ።

እኛ ቀድመን የሰማነው የፍሬኑን ጩኸት ነው። እናትየዋ ልጅቷን ጎትተው ወደ ኋላ ሲመለሱ ፌስታሉ ተቀደደ። አይሱዙው ዜብራውን አልፎ ጥቂት ሄዶ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ “አታዩም እንዴ?” አለ፤ ከዚያ ነድቶ ሄደ። ጎመኑ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። የሚኒባሱ ወያላ ወርዶ ሊለቅምላቸው ሲል “ተወው ልጄ፣ ነፍስ ተርፏል” አሉት። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። አንድ ጫማዋ ወልቆ ጠፍቶባት እሱን ትፈልጋለች።

ያን አይሱዙ ስራገም ሰነበትኩ። የአዲስ አበባ ሰው አይሱዙን “አልቃይዳ”፣ ሲኖትራክን “ቀይ ሽብር” ብሎ የሰየመው ወዶ አይደለም እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ከዚያ አንድ ቀን መኪናዬን አውጥቼ ወደ መገናኛ ስሄድ፣ ከፊቴ ሚኒባስ ቆመ። እኔም ሳላስብ መሪዬን ጠምዝዤ ደርቤ አለፍኩ። ካለፍኩ በኋላ ነው ከሥሬ ዜብራ እንደነበረ ያየሁት። ማንም እየተሻገረ አልነበረም። እሱ ግን የእኔ ጉብዝና አይደለም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግኩ እግዜር ይወቀው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ይመስለኛል። እኛ ከተማ ውስጥ የቆመ ሚኒባስ ምንም አይነግርህም። “ወራጅ አለ” ሲባል ይቆማል። ዳር ላይ የቆመ ሰው ቀና ካለ ይቆማል። መልስ ለመዘርዘርም ይቆማል፤ ሲለውም ያለምክንያት ይቆማል። ስለዚህ ከኋላው የሚመጣ ሹፌር “ሰው እያሻገረ ይሆናል” ብሎ አይጠረጥርም። “ደሞ ቆመ!” ብሎ ይደርባል። እግረኛው በበኩሉ አንዱ ስለቆመለት መንገዱ ሁሉ የቆመለት ይመስለዋል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ጨርሶ ከማይቆመው ሹፌር ይልቅ ትሁቱ ሹፌር ነው ሳያውቅ ወጥመድ የሚሆነው። ለማይቆመውማ መጀመሪያውኑ አትገባም።

እኛ ዜብራ ላይ ይህን የሚያባብሰው ታክሲ መያዣው ነው። ወያላው “መገናኛ! መገናኛ!” እያለ የሚጣራው ከዜብራው ሁለት እርምጃ ሳይርቅ ነው። ማታ ማታ ሦስት አራት ሚኒባስ ይደረደራል፤ አንዳንዴ ሃይገር ይጨመርበታል። ከነሱ ፊት ብቅ የሚል እግረኛ፣ በተለይ ልጅ፣ ለሁለተኛው መስመር ሹፌር የሚታየው መኪናው አፍንጫ ላይ ሲደርስ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ ደንግጦ እግሩ ፍሬኑን እስኪያገኝ ድረስ ያለችው ያቺው አንዷ ሰከንድ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ማታ መንገዱ ትንሽ ከተለቀቀ 30 የሚነዳ ሰው ክላክስ ነው የሚበዛበት።

ባቡሩን ልወቅስ አልመጣሁም። በ2008 ዓ.ም. ከአያት ጦር ኃይሎች፣ 22 ጣቢያ ያለው መስመር ሥራ ሲጀምር ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። በ6 ብር ከተማውን ከዳር እስከ ዳር! ግን መሀል ከተማ በድልድይ ላይ የሚያልፍበት ቦታ ሲኖር፣ በእኛ በኩል አስፋልቱን ለሁለት ሰንጥቆ በመሬት ነው የሚሄደው። ያኔ ከእኛ ወዲያ ያለው ሰው እንደዛሬ አልነበረም። ዛሬ የካ አባዶ ሞልቷል፣ ጣፎ ሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው ባቡርና ታክሲ የሚይዘው እዚሁ ነው። ዜብራው ግን ያው ዜብራ ነው። ቀለሙ እንኳ ግማሹ ለቋል።

አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ የሚሞተው ሰው በአንዳንድ ዓመት ከ400 ያልፋል፤ አብዛኛው እግረኛ ነው። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛውን መንገድ አስፍቶታል፣ እሰየው። ግን ሰው ዳር ዳሩን ብቻ አይሄድም፤ ይሻገራልም።

ጎረቤቶቼ “የእግረኛ ድልድይ ይሠራልን” ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ ተጣልተንበታልም። እናትየዋ ያቺን ፌስታል ይዘው፣ ልጅ እየጎተቱ፣ በዚያ ጉልበት ደረጃ ወጥተው የሚወርዱ ይመስላችኋል? ጋሪ የሚገፋው፣ በክራንች የሚሄደው፣ ነፍሰ ጡሯስ? ወጣቱም ቢሆን አይወጣም፤ ሥሩን ሰንጥቆ ይሮጣል። ድልድይ ማለት መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ እንዲያልፍ ሰውየውን አቀበት ማስወጣት ነው። ለምንድነው ፍሬን ያለው ቀርቶ ፍሬን የሌለው የሚቸገረው?

እኔ የምለው ዜብራው ራሱ ከፍ ይበል ነው። ከእግረኛው መንገድ እኩል ሆኖ እንደ ጉብታ ይሠራ። ጉብታ ላይ አይሱዙውም ሲኖትራኩም ወዶ ሳይሆን በግዱ ይቀንሳል፤ ጭነቱና ሞላው ያሳዝነዋላ! መኪና የሚቆምበት መስመር ደግሞ ከዜብራው ራቅ ብሎ ይሰመር። የመጀመሪያው መኪና ወደ ኋላ ሲቆም፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው እግረኛውን ቀድሞ ያየዋል። መብራትም ያስፈልጋል። ከምሰሶዎቹ አንዱ ከጠፋ ቆየ፤ እሱም የጠፋው ልክ ዜብራው አናት ላይ ያለው ነው።

እነዚህ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ይገባኛል። የታክሲ መያዣው ግን ምን ይፈልጋል? ዜብራውን አለፍ አድርጎ፣ ሃምሳ እርምጃ ወደ ፊት መውሰድ ነው። የቆመው ሚኒባስ ከዜብራው ኋላ ሳይሆን ከፊት ይሆናል፤ ማንንም አይጋርድም። አንድ ቆርቆሮ ምልክት፣ ትንሽ ቀለም፣ ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትራፊክ ይበቃል። ወያላውም ቦታውን ከለመደ ይጣራል፤ ለሱ ሃምሳ እርምጃ ምኑም አይደለም።

ይህንኑ ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። “የኛ ሥራ አይደለም፣ የመንገዱ ነው” አሉኝ። ሁለተኛው ቢሮ “የባቡሩ ነው” አለኝ። ሦስተኛው ጋ ያለችው ልጅ ግን ወንበር ሰጥታ አዳመጠችኝ፤ በደብተሯም ጻፈችው። እናንተ ጋ የጻፍኩት ያ ደብተር ተከፍቶ እንዲነበብ ነው።

ባለፈው ሐሙስ እናትየዋን አየኋቸው። ልጅቷን ይዘው ዜብራው ጋ ቆመዋል። ሚኒባስ መጥቶ ቆመላቸውና ሹፌሩ እንደተለመደው በእጁ “እለፉ” አለ። እሳቸው ልጅቷን ወደ ቀሚሳቸው ጠጋ አደረጉና፣ በነፃ እጃቸው “አንተ እለፍ” ብለው ሸኙት።

አክባሪያችሁ፣
የአያት ነዋሪ