ነጠላዎ እኔ ጋ ነው እናቴ

ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ፣ ከሳይክል የወደቀው ሰውዬ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። የግራ ትከሻዬ አጥንት ተሰብሮ ነበር፣ አሁን እየገጠመ ነው። ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ስለሆነ ፊደል ብገድፍ አትታዘቡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ የመጣ ጠያቂ ሁሉ «ማን አነሳህ?» ይለኛል፤ የምመልሰው ስም የለኝም። ያነሱኝ ሰዎች ስማቸውን አልነገሩኝም፣ እኔም ያን ሰዓት ስም የምጠይቅበት አቅል አልነበረኝም። ስለዚህ በአደባባይ ላመስግን። ከመሃላችሁ የሚያውቃቸው ካለ ያንብብላቸው።

የሄድነው ሦስት ነን፤ ሁላችንም ኮምቦልቻ ነዋሪ፣ ሁላችንም አርባን ያለፍን፣ ሳይክል ከመውደድ በቀር ስፖርተኛ የሚያሰኝ ነገር የሌለን። ቅዳሜ ሐረጎን ወጥተን ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ ከተማ ማደር፤ እሁድ ውጫሌ ደርሶ ሐይቅ መመለስ፤ ሰኞ ወደ ቤት። ሚስቴ ይህን ስትሰማ «ለምን በአይሱዙ አትሄዱም?» ብላኝ ነበር። በአይሱዙ መሄዴ እንደሁ አልቀረም።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። በመኪና ስንመላለስበት ሐረጎ ማለት ጆሮ የሚደፍን ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ በሳይክል ሲሆን ኩርባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። የቀየሰው ጣሊያን ስለ መኪና ሞተር እንጂ ስለ አርባ ሦስት ዓመት ጉልበት አላሰበም። ሲኖትራክ ጭሱን ፊታችን ላይ እየለቀቀ ያልፈናል። መሃሉ ላይ፣ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤት ያልሄዱ ልጆች ተሰብስበው ሻንጣዬን ከኋላ እየገፉ «አይዞህ አባባ!» አሉኝ። አባባ! ለገፋችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ለስሙ ግን ገና ቂም ይዣለሁ።

ደሴ ፒያሳ ፍርፍር በልተን አይጠየፍን ለማየት ሄድን። በ1906 ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ነው፤ ድሃ ከሀብታም ሳይለይ፣ ማንንም ሳይጠየፍ ስለሚያበላ ስሙ እንደወጣለት ይነገራል። በላብ ርሰን፣ ሱሪያችን ግራሶ ተለቅልቆ በሩ ላይ ስንቆም ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየንና «ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ግቡ» አለን። ጋሼ፣ ያችን ቃል ሆስፒታል ተኝቼ ሁሉ እያስታወስኩ ስቄያለሁ። ሲስቁ ትከሻ እንደሚያም ያኔ ነው ያወቅኩት።

ከዚያ ቦሩ ሜዳ ጎራ አልን። ከመካከላችን አንዱ የታሪክ መምህር ነው፤ በ1870 አፄ ዮሐንስ ምኒልክ ባሉበት የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት እዚህ ነው እያለ ክርክሩን ሊተርክልን ጀመረ። እኔና ሌላው ጓደኛችን ግን ሜዳ መሆኑ ብቻ በቅቶን ነበር።

ሐይቅ ስንደርስ መሽቷል። በማግሥቱ በጠዋት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገብተን ተሳለምን። እዚያ አንድ አባት ዳቤ ቆርሰው ሰጡን። ያንን ዳቤ ውጫሌ ድረስ ነው የበላነው፤ ይባርከን።

ወደ ውጫሌ ስንሄድ መንገድ ላይ ወጣቶች አስቆሙን። ሦስት ጎልማሶች፣ የተጫነ ሳይክል፣ የራስ ቁር፤ ጊዜውም እንግዳን ደግሞ ደጋግሞ የሚያሳይ ነው፣ አልፈርድባቸውም። መታወቂያ አየት አየት አድርገው፣ ሻንጣ ፈትሸው፣ «ለምን በመኪና አልሄዳችሁም?» አሉ (ይህ ጥያቄ የሚስቴ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ)። ከዚያ የአንዳቸው እናት ቡና አፍልተው ነበርና ከአቦል እስከ በረካ አልለቀቁንም። የአምባሰልን ተራራ ፊት ለፊት እያየን ጠጣን። እናንተንም እግዜር ይስጥልን።

ውጫሌ ላይ መምህሩን የሚያቆመው አልተገኘም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ስለተፈረመው ውል፣ ስለ አንቀጽ 17፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሆነው በጣሊያንኛው ግዴታ ስለመሆኑ። «አንድ ግስ ናት ዓድዋ ያደረሰችን» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን የፊት ጎማዬ የተነፈሰው እሱን ቆሜ ስሰማ ነው እላለሁ። እሱ ሚስማሩ መንገድ ላይ ነበር ይላል።

እንደምንም እየነፋን ሐይቅ ከተማ ጎሚስታው ጋ ደረስን። ወንድሜ፣ አንተን ለብቻህ ማመስገን አለብኝ፣ ይቅርታም መጠየቅ አለብኝ። ካላማዳሪውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ እየነከርክ አረፋ ስትፈልግ፣ ቀዳዳውን አግኝተህ በጣትህ ይዘህ ስታደርቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታሻሸው፣ ማስቲሹን ቀብተህ እፍ እያልክ እስኪጠነክር ስትጠብቅ አጠገብህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ቸኩዬ «በቃ ለጥፈው» ስልህ «ሳይደርቅ ከለጠፍኩት ሐረጎ ላይ ትሰድበኛለህ» አልከኝ። ከዚያም «ልጣፍ ሙቀት አይወድም። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዘህ አትውረድ፤ ቶሎ ቶሎ ቁምና ቸርኬውን በእጅህ ንካው፤ ካቃጠለህ እስኪበርድ ጠብቅ» ብለህ አስጠነቀቅከኝ። ሒሳቡን ስትነግረኝ ትንሽነቱ አሳፍሮኝ ነበር።

ሰኞ ከደሴ ስንነሳ ጉም ወርዷል። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊትህ ያለው ሰው የሚታይህ በግድ ነው። ፈራሁ። ስለፈራሁም ፍሬኑን ይዤ ወረድኩ፣ አለቀቅኩትም፣ አልቆምኩምም፤ ቶሎ ልገላገል ብዬ። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ሲያሽ ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ልጣፉን ያላቅቀዋል። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ከሲኖትራክ መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ እንደ ጥይት ጮኸ።

በኋላ እንደነገሩኝ ድምፁን ሰምተው መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች መሬት ላይ ተኝተዋል። ጥይት መስሏቸው ነው። ተነስተው መሮጥ ሲችሉ ወደ ድምፁ ነው የመጡት። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት እናቴ። ከሰኞ ገበያ እየተመለሱ ነበር መሰለኝ፣ ባዶ ዘንቢል ይዘዋል። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ሲሉኝ ነው ዓይኔን የገለጥኩት። እጄን ላንቀሳቅስ ስል «ተው!» ብለው ተቆጡኝ። ነጠላዎን ከራስዎ አውርደው፣ ሁለት አጥፈው፣ ክንዴን ደረቴ ላይ አስደግፈው ከአንገቴ አሰሩት። ሐኪሙ ሲያየው «ይህን ማን ነው ያሰረው? አትፍቱት፣ መጀመሪያ ፎቶ ይነሳ» ነው ያለው። የት እንደተማሩት እግዜር ይወቅ። በዚያ ጉምና ብርድ እርስዎ ባዶ ራስዎን ወደ ቤትዎ ሄዱ።

ማሽላ ጭነህ ወደ ደሴ ስትወጣ የነበርከው የአይሱዙ ሾፌር፤ ጋቢና ውስጥ የነበረውን ረዳትህን ከላይ ጭነቱ ላይ አስወጥተህ እኔን አስቀመጥክ። ጉድጓድ በደረስክ ቁጥር «ይቅርታ ወንድሜ» ትለኝ ነበር፤ ጉድጓዱን አንተ የቆፈርከው ይመስል። ሆስፒታል በር ላይ አውርደኸኝ ጓደኛዬ ገንዘብ ሲያወጣ መኪናህን አስነሳህ። ረዳቱንም ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ ቀዝቅዞት ነበር።

እዚያ ያከሙኝን ሐኪሞችና ነርሶች፣ በተለይ የማታ ተረኛዋን እህቴን፣ አመሰግናለሁ። ከፋብሪካ የሥራ ባልደረቦቼ ፈረቃዬን ተካፍላችሁ ሸፍናችሁልኛል፤ ዕዳው አለብኝ።

አሁን ስለ ልጁ። በግ ይጠብቅ የነበረ፣ ዕድሜው አሥራ ሁለት ወይ አሥራ ሦስት የሚሆን ልጅ ነው። ሁሉም በኔ ላይ ሲረባረብ ሳይክሉ ከነሻንጣው ቦይ ውስጥ ቀረ። ሻንጣው ውስጥ ስልኬም ገንዘብም ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም። ረቡዕ መምህሩ ተመልሶ ሲሄድ ልጁ እዚያው ኩርባ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። «የሳይክሉ ሰውዬ ሞተ?» ነው ያለው አስቀድሞ። አልሞተም ሲባል ወደ ቤታቸው ወስዶ የማሽላ አገዳ ክምሩን ገለጠ። ሳይክሉ ከሥሩ ተኝቷል፤ ደሙን አጥቦታል፣ የወለቀ ሰንሰለቱን መልሶ አግብቶታል። ከሻንጣው አንዲት ብር አልጎደለም። መምህሩ ጉርሻ ሊሰጠው ሲል አባቱ ከለከሉ። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንዴ ልንዳው። ጎማው ፈንድቶ ስለነበረ አልቻለም።

ጎማው ተቀይሯል፣ አንተ ልጅ። ትከሻዬ እንደጠና አባትህን አስፈቅጄ እመጣለሁ። ነገር ግን የምትነዳው ሜዳው ላይ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ አይደለም።

ነጠላውን ሚስቴ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። ከጥለቱ አጠገብ ያለችው የግራሶ ምልክት ግን አልለቀቀችም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዲስ ገዝተን ከሱ ጋር አጥፈን አስቀምጠናል። ሁለት ሰኞ ወንድሜን ልኬ ሰኞ ገበያ ፈልጎዎት አጥቶ ተመልሷል። የሚመጣው ሰኞ እኔው ራሴ እመጣለሁ፣ በሚኒባስ። ክንዱን ያሰረ ሰው ገበያ መሃል ሲዞር ካዩ ይጥሩኝ፤ እኔ መልክዎን በደንብ አልያዝኩትም፣ ድምፅዎን ግን አውቀዋለሁ።