ገዥ ሌላ፣ ዋና ሚኒስትር ሌላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በውጭ ዜና ገጻችሁ ስለ ህንድ ግዛቶች የምታወጧቸው ዘገባዎች አንድ ስህተት ይደጋግማሉ። ያው አንድ ሰው ዛሬ «የግዛቱ ገዥ»፣ በሳምንቱ «የግዛቱ ፕሬዚዳንት» ይባላል። ሁለቱም ባለሥልጣናት በአንድ ዜና ውስጥ ሲገናኙማ «ገዥው ገዥውን ድጋፍህን አሳይ አለው» የሚመስል ነገር ይወጣል። አንባቢ እንዴት ይከተለው? ስህተቱ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። የህንድ የግዛት ፖለቲካ ጠብ ግማሹ የሚነሳው በእነዚሁ ሁለት ሰዎች መካከል ስለሆነ ስማቸው ሲደበላለቅ ዜናው ራሱ ይጠፋል።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ህንድ 28 ግዛቶች አሏት። በየግዛቱ አንድ ገዥ አለ። የሚሾመው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ ይህም በተግባር ማዕከላዊው መንግሥት ማለት ነው። የግዛቱ ሕዝብ አልመረጠውም፤ ብዙ ጊዜም የዚያ ግዛት ሰው አይደለም። ሁለተኛው በሂንዲ ሙክያማንትሪ የሚባለው ዋና ሚኒስትር ነው። ካቢኔውን የሚመራው፣ የግዛቱን በጀትና ፖሊስ የሚይዘው እሱ ነው። ትእዛዞች በገዥው ስም ይወጣሉ፤ የሚወስነው ግን ዋና ሚኒስትሩ ነው። በማዕከል ከሚተዳደሩት 8 አካባቢዎችም ደልሂ፣ ፑዱቼሪ እንዲሁም ጃሙና ካሽሚር የራሳቸው ምክር ቤትና ዋና ሚኒስትር አላቸው። ስለዚህ በጠቅላላው 31 ወንበር ነው። እኛ የምንደናገረው በክልሎቻችን ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ብቻ ስለሆነና ከጎኑ በፌዴራሉ መንግሥት የተሾመ ገዥ ስለሌለ ይመስለኛል። «ፕሬዚዳንት» የሚለውም ከዚሁ ከራሳችን የክልል አጠራር ሾልኮ የገባ ነው።

ዋና ሚኒስትርን በቀጥታ የሚመርጥ መራጭ የለም። ሕዝቡ የምክር ቤት አባላትን ለ5 ዓመት ይመርጣል፤ ያሸነፈው ፓርቲ አባላት ተሰብስበው መሪያቸውን ይሰይማሉ፤ መሪው የድጋፍ ፊርማውን ይዞ ገዥው ዘንድ ይሄዳል፤ ገዥው ይሾመዋል፣ ቃለ መሐላም ያስፈጽመዋል። አብላጫው ግልጽ ከሆነ ነገሩ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ለዚህ ነው ዘጋቢዎቻችሁ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን እንዲጽፉ የምለምነው። ምክር ቤቱ ስንት መቀመጫ አለው? ስንቱ ተሞልቷል? ማን ስንት ይዟል? ኡታር ፕራዴሽ 403 መቀመጫ ስላላት አብላጫው 202 ነው፤ ማሃራሽትራ በ288 መቀመጫ 145 ያስፈልጋታል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። በ2018 ካርናታካ ውስጥ ከ224 መቀመጫዎች ምርጫ የተካሄደው በ222 ብቻ ስለነበር ወሳኙ ቁጥር 113 ሳይሆን 112 ሆነ።

ችግሩ የሚጀምረው ማንም ብቻውን ሳይሞላለት ሲቀር ነው። ያኔ ማንን ልጥራ የሚለው በገዥው እጅ ይወድቃል። በዚያው የካርናታካ ምርጫ ቢጄፒ የተባለው ፓርቲ 104 መቀመጫ አግኝቶ ቀዳሚ ሲሆን፣ ኮንግረስና ጃናታ ዳል (ኤስ) የተባሉት ፓርቲዎች ተጣምረው ከአብላጫው በላይ ነበራቸው። ገዥው የቢጄፒውን የዲዩራፓን ጠርተው ሾሙ፤ ድጋፋቸውን በምክር ቤት እንዲያሳዩም 15 ቀን ሰጧቸው። እዚህ ላይ የቀኑ ብዛት ቀላል ነገር አይደለም፤ ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሌላውን አባል ለማባበል በቂ ዕድል ይገኛል። ፓርቲዎችም ይህን ስለሚያውቁ አባሎቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ሩቅ ሆቴል ያስቀምጧቸዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 15ቱን ቀን ሰርዞ ድምፁ በግንቦት 19 እንዲሰጥ አዘዘ፤ የዲዩራፓም ከድምፁ በፊት ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት ማሃራሽትራ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የቢጄፒው ፋድናቪስ ኅዳር 23 ንጋት ላይ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ፍርድ ቤቱ ኅዳር 27 ቀን በግልጽ ድምፅና በቀጥታ ስርጭት ድጋፍ ይቆጠር ብሎ ባዘዘበት ኅዳር 26 ደግሞ ወረዱ።

አንድ አባል ፓርቲውን ከድቶ ሲወጣ ምን ይሆናል? ከ1985 ጀምሮ ሕጉ መቀመጫውን ያሳጣዋል፤ የፓርቲውን የድምፅ ትእዛዝ ከጣሰም እንዲሁ። ነፃ የሚወጡት ከፓርቲው የምክር ቤት አባላት ሁለት ሦስተኛው ሌላ ፓርቲ ውስጥ ለመቀላቀል ከተስማሙ ብቻ ነው። ሕጉ ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። ፈራጁ አፈ ጉባኤው ነው፤ እሱ ደግሞ ከአንዱ ወገን የመጣ ነው፤ ውሳኔውን እስከ መቼ ማሳለፍ እንዳለበትም ሕጉ ቀን አልቆረጠለትም። ሁለተኛው ቀዳዳ ይበልጥ ብልጠት አለበት፦ ተቃውሞ ድምፅ ከመስጠት መልቀቂያ ማስገባትና ከአዳራሹ መቅረት። የተገኘው ሰው ሲያንስ የሚያስፈልገው አብላጫም አብሮ ይወርዳል። ሐምሌ 23 ቀን 2019 የካርናታካው ዋና ሚኒስትር ኩማራስዋሚ 99 ለ105 የተሸነፉት በዚህ መንገድ ነው። በ224 አባላት ምክር ቤት 105 ድምፅ አብላጫ አልነበረም፤ በዚያ ቀን በአዳራሹ ግን በቂ ሆነ። መቀመጫቸውን ስላጡት አባላት በዚያው ዓመት የቀረበለት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በማሟያ ምርጫው እንደገና መወዳደር ይችላሉ አለ።

በዘገባዎቻችሁ በፍጹም ያላየሁት የስድስት ወር ደንብ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 164 መሠረት የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ዋና ሚኒስትር መሆን ይችላል፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልተመረጠ ግን ሥልጣኑ ያበቃል። ማማታ ባነርጂ በ2021 በምዕራብ ቤንጋል ፓርቲያቸው ሲያሸንፍ እሳቸው ራሳቸው በናንዲግራም የምርጫ ክልል በ1,956 ድምፅ ተሸነፉ። ሆኖም በግንቦት 5 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በመስከረም መጨረሻ በባባኒፑር በተደረገ ማሟያ ምርጫ መቀመጫ አገኙ። በዚያው ዓመት የኡታራካንዱ ቲራት ሲንግ ራዋት ማሟያ ምርጫ ሊካሄድላቸው ስላልቻለ አራት ወር እንኳ ሳይሞሉ ለቀቁ። ለአንድ ቀን ለቅቆ እንደገና መሾምና ሌላ ስድስት ወር መጀመርስ? ፍርድ ቤቱ በ2001 አይቻልም ብሏል። ሁለተኛ ምክር ቤት ባላቸው ስድስት ግዛቶች በዚያ በኩል መግባት ይቻላል፤ የማሃራሽትራው ዋና ሚኒስትር ኡዳቭ ታከሬይ በ2020 ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የካቢኔውም መጠን ወሰን አለው፤ በ2003 በተደረገ ማሻሻያ ዋና ሚኒስትሩን ጨምሮ ከምክር ቤቱ አባላት 15 በመቶ አይበልጥም። 32 መቀመጫ ላላት ሲኪም ይህ ከ5 ሰው በታች ስለሚሆን ለትንንሾቹ ግዛቶች 12 ተፈቅዷል።

አሁን ወደ መውረዱ። «ገዥው ዋና ሚኒስትሩን አባረረ» ብሎ መጻፍ የሚቻለው አልፎ አልፎ ነው። በ1998 ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ ገዥው ካልያን ሲንግን አንስተው ጃግዳምቢካ ፓልን ሾመው ነበር፤ ፍርድ ቤት ገብቶበት ሁለቱም በምክር ቤቱ ፊት ድምፅ ሲቆጠርላቸው ያሸነፉት የተባረሩት ናቸው። ከዚህ የከበደው መሣሪያ አንቀጽ 356 ነው። ማዕከላዊው መንግሥት የግዛቱ አስተዳደር በሕገ መንግሥቱ መሠረት መቀጠል አልቻለም ብሎ በፕሬዚዳንቱ ስም ሥልጣኑን ይረከባል። በ1959 ኬረላ ውስጥ የናምቡዲሪፓድ መንግሥት አብላጫ እያለው በዚህ ፈረሰ። በ1994 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በ1989 ከካርናታካ ዋና ሚኒስትርነት በተነሱት በቦማይ ጉዳይ፣ አብላጫ የሚለካው በገዥው ግምት ሳይሆን በምክር ቤቱ አዳራሽ ነው ብሎ ወሰነ። አዋጁ በሁለት ወር ውስጥ በሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ካልጸደቀ ይሽራል፤ ከጸደቀም በየስድስት ወሩ እየታደሰ ከሦስት ዓመት አያልፍም።

በዚህ ሁሉ መካከል ዋና ሚኒስትሮች ደጋግመው የሚሳሳቱት ከድምፁ በፊት መልቀቃቸው ነው። ታከሬይ በሰኔ 2022 ፓርቲያቸው ሲሰነጠቅ ድምፁን ሳይጠብቁ ለቀቁ። በ2023 ፍርድ ቤቱ ገዥው ድምፅ ይሰጥ ብለው መጥራታቸው ስህተት ነበር አለ፤ ሆኖም በፈቃዱ የለቀቀን ሰው መመለስ አልችልም ሲል ጨመረ። እንግዲህ «ሥልጣን ለቀቁ» እና «በድምፅ ተሸነፉ» በዜናችሁ ውስጥ ተለይተው ይጻፉ።

ስለ ደልሂ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ፖሊስ፣ የሕዝብ ጸጥታና መሬት ከተመረጠው መንግሥት ሥልጣን ውጭ ናቸው፤ ዋና ሚኒስትሩን የሚሾመውም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። 70 አባላት ባሉት ምክር ቤት የሚኒስትሮቹ ጣሪያ 10 በመቶ፣ ማለትም ዋና ሚኒስትሩን ጨምሮ 7 ሰው ነው። ስለዚህ ደልሂ ውስጥ ፖሊስ ሰልፍ ሲበትን «የዋና ሚኒስትሩ ፖሊስ» አትበሉት፤ የሚያዘው የማዕከላዊው መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ