የወል መስካችን ደብተር በማን ስም ይጻፍ?

ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል መሬት ቢሮ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከመንዝ ነው። እናቴ ሁለት ላምና ጥቂት በጎች አሏት። የግል ማሳዋ ገብስ ተዘርቶበት ዓመቱን አይዘልቅም፤ ከብቶቿን ያቆየላት ከመንደራችን ግርጌ ያለው የወል መስክ ነው። መስኩ ክረምቱን ክልክል ሆኖ ይቆያል። ኅዳር ላይ ሽማግሌዎች በገመድ እየለኩ በየጭሱ ያካፍሉታል። አጫጅ ለሌላት መበለት ጎረቤት አጭዶ፣ ድርቆሹን ከደጇ ከምሮላት ይሄዳል።

አምና በአጨዳው ዋዜማ ከመስኩ ራስጌ ችካል ተተክሎ አገኘን። ብንጠይቅ፣ «የወል መሬት የመንግሥት ነው፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩም በቀበሌው ስም ነው» ተባልን። ደብተሩን ለማየት ሦስት ቀን ተመላለስን። በሦስተኛው ከመሳቢያ ወጣ። እውነትም በባለይዞታው ቦታ የሰፈረው የቀበሌው ስም ብቻ ነው፤ የመንደራችን ስም እንኳ የለበትም።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ደንግጓል፤ በዚያ አንከራከርም። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 መንግሥት እንዳስፈላጊነቱ የወል ይዞታን ወደ ግል እንዲያዛውር ይፈቅድ እንደነበርም እናውቃለን። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። እኛ ዘንድ ግን ችካሉ አሁንም እንደ ድሮው ሳንጠየቅ ይተከላል።

የወል መሬት ባለአደራ ማለት ምን እንደሆነ እዚሁ መንዝ ወዳለው የጓሳ ሣር ምድር ሄዳችሁ እዩ። አስቦና ገራ ከተባሉ የጥንት አባቶች የተወለዱት ያን ደጋ ቄሮ በሚባል የወል መሬት መጠበቂያ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ እስኪደርስ ዓመታት ይዘጉት ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም ቀረ፣ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ መልሶ ያስከበረው ሕዝቡ ራሱ ባቆመው መተዳደሪያ ደንብ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። እርግጥ ቄሮ ተወላጅ ያልሆነውን ያገል ነበር፤ ያ እንዲመለስ አንሻም። የምንፈልገው የሚጠቀምበት ሰው ሁሉ በስሙ እንዲጠብቀው ነው።

መሬት ያጡት ወጣቶችም ልጆቻችን ናቸው። ታናሽ ወንድሜ አንዱ ነው። ከመስኩ ይቆረስላቸው ከተባለ ተሰብስበን እንምከርበት፤ ምን ያህል ቢነሳ ከብቱ እንደሚተርፍ ከእረኞቻችን የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የወል መስካችን ደብተር በተጠቃሚዎቹ ስም እንዲሠራልን እንጠይቃለን። የእያንዳንዱ ጭስ አባወራና እማወራ፣ መበለቶችም ጭምር፣ ስማቸው በዝርዝር ይያያዝበት። ቀበሌው መዝጋቢና አስከባሪ ይሁን። የተጠቃሚዎች ጉባኤ ወስኖ ቃለ ጉባኤ ካልፈረመበት በስተቀር አንድም ጥማድ አይነሳ። ይህ እስኪፈጸም ችካሉ ይነቀልልን። ክረምቱ ሳይገባ፣ መስኩን ሳንከለክል መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንዝ ልጅ