የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የመረጠው ርእስ በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች በገዛ አካባቢያቸው በሚካሄድ የተፈጥሮ ምርምር ውስጥ ያላቸው ድርሻ ነበር። በመጀመሪያው ወር አባላቱ የአንድን ጥናት ሂደት ከጥያቄው እስከ ውጤቱ የሚያሳይ ሥዕል ሲያዘጋጁ ነዋሪዎቹን ያስገቡት በሁለት ቦታ ብቻ ነበር፤ አንድም ለተመራማሪው ጀልባ ሲቀዝፉ፣ አንድም በመጨረሻ ውጤቱ ሲነገራቸው። እኔም ሥዕሉን ያለ አንዳች አስተያየት አጽድቄ እንዲሰቀል ማድረጌን ሳልሸሽግ መጻፍ ይገባኛል።

ስሕተታችንን ያሳየን የአላስካው ታሪክ ነው። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1977 ቦውሄድ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው በሚል ስጋት የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆነው ኢኑፒያት ሲተዳደርበት የኖረውን አደን ከለከለ። ቆጣሪዎቹ በረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው በክፍቱ ውሃ የሚያልፉትን ይቆጥሩ ስለነበር አዳኞቹ ቁጥሩን አልተቀበሉም፤ እንስሶቹ ከበረዶው ሥር እንደሚጓዙና ለመተንፈስ ሲሹም በረዶውን በጭንቅላታቸው ሰብረው እንደሚወጡ ያውቁ ነበርና። በዚያው ዓመት የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ኋላም ተመራማሪዎች የአዳኞቹን ቃል መነሻ አድርገው የውሃ ውስጥ ድምፅ መቅረጫዎችን ሲዘረጉና ከአውሮፕላን ሲቃኙ ቃሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተገኘው ግምት ከ10,000 በላይ ሲሆን፣ በእርግጥ በመካከሉ ቁጥሩ ራሱ እየጨመረ መምጣቱ መዘንጋት የለበትም።

አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል «ማደን የሚፈልግ ሰው ብዙ ናቸው ቢል ምን ይደንቃል?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋም ሁለት ሳምንት አከራከረን። በእኔ እምነት የተናጋሪው ጥቅም ቃሉን እንድንመረምር እንጂ እንድንጥል አያደርገንም፤ የአዳኞቹ ቃል ደግሞ ለምርመራ የተመቸ ነበር፤ ከበረዶው ሥር ዓሣ ነባሪ አለ፣ ወይም የለም።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ተሻገርን። እ.ኤ.አ. በ1995 ጆን ሃርፐር የተባሉ የጠረፍ መልክዓ ምድር ባለሙያ ከአየር ላይ ያዩዋቸው የድንጋይ ካቦች ምንነት ግራ አጋብቷቸው ነበር። የዚያ ጠረፍ ነባር ሕዝብ የሆነው የክዋክዋካዋክው አለቃ አዳም ዲክ ግን ክላም የተባሉት ዛጎል ለበስ እንስሳት የሚበዙባቸው እርከኖች መሆናቸውን፣ በቋንቋቸውም መጠሪያ እንዳላቸው ያውቁ ነበር። ከእነዚህ እርከኖች አንዳንዶቹ ከ3,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ አላቸው።

በሰኔ ወር አባላቱ ሥዕሉን እንደገና ሲሠሩ ነዋሪዎቹን ጥያቄው ከሚወጣበት ከመጀመሪያው ሳጥን አስገቧቸው። ነባር ሕዝቦች በባህላዊ እውቀታቸው ላይ ባለመብት መሆናቸውን የሚደነግገውን የተባበሩት መንግሥታት የ2007 (እ.ኤ.አ.) መግለጫ አንቀጽ 31 ካነበቡ በኋላም «ነዋሪዎቹ አይሆንም ቢሉስ?» የሚል ሳጥን ጨመሩ። ከዚህ ሳጥን የሚወጣው ቀስት ወደ አዲስ ጥያቄ ይመለስ ወይስ ጥናቱ እዚያው ይቁም በሚለው ላይ ስላልተስማሙ፣ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀስቱ መድረሻ ሳይኖረው ነው።